የሰፈር ልጆች የገና ድግስ በቤተክርስቲያን፦ ከነቤተሰባቸው ማገልገል የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄዎች

ገና ሲቃረብ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «እኛም ከነልጆቻችን መጥተን ብናግዝስ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ደስ ይለኛል። ቀጥለው የሚመጡት ጥያቄዎች ግን በየዓመቱ ያው ናቸው። በየስልኩ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈውና ልገላገል አልኩ። እኔና ባለቤቴ ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን በዚህ ሥራ ዓመታት አስቆጥረናል፣ የተሳሳትነውንም አልደበቅኩም። የእናንተ ቤተክርስቲያን የራሱ አሠራር ካለው ከእኔ ይልቅ እሱን ስሙ።

ምን ልንሠራ ነው የምንመጣው?

ብዙ ሰው የሚመጣለት ስጦታ ማደል ነው። እሱ 15 ደቂቃም አይፈጅ። የቀረው ሰዓት ወንበር መደርደር፣ በር ላይ ስም መመዝገብ፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ማሳየት፣ የፈሰሰ ጭማቂ መወልወል፣ በሙጫ የተጣበቀ ጣት ማላቀቅና «ተራዬ ነው!» «አይ፣ የኔ ነው!» የሚለውን ክርክር መዳኘት ነው።

ከነቤተሰቡ ለመጣ ሰው የምመክረው አንድ ጠረጴዛ ተረክቦ እዚያው መቆየትን ነው። የወረቀት ኮከብ የሚሠራበት ጠረጴዛ ለምሳሌ ምርጥ ነው። አባት ይቆርጣል፣ እናት ታሳያለች፣ ልጅ ቀለም ያቀብላል። አዳራሹ ውስጥ ከተበታተናችሁ ግን የራሳችሁን ልጅ ስትፈልጉ ድግሱ ያልቅባችኋል።

የቤተክርስቲያኑ አባል ካልሆንን?

በአብዛኛው ችግር የለውም። ወንበር የሚሸከም ሰው በዝቶ አያውቅም። ከልጆች ጋር በቀጥታ ለሚሠራ ሥራ ግን የሚያውቃችሁ ሰው እንዲመሰክርላችሁ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ አትቀየሙ።

ልጆቼ ስንት ዓመት ሲሞላቸው ነው ማገዝ የሚችሉት?

ዕድሜ ብቻውን ሁሉን አይነግርም፣ ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንግዳ ነው፣ በቃ። ረዳት ብላችሁ አትቁጠሩት፣ እንዲያውም ከሁለታችሁ አንዳችሁን ይዞ ይውላል። ከ6 እስከ 9 ያሉት አጭርና ዓይን ላይ የሚውል ሥራ ይወዳሉ፦ ናፕኪን ማደል፣ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ደረት ላይ መለጠፍ፣ በር ላይ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት። 20 ደቂቃ ይሠሩና ጨዋታው ውስጥ ይጠፋሉ። ይጥፉ። 10 ዓመት ካለፉ ጨዋታ መምራት ይችላሉ፣ በተለይ የጨዋታውን ሕግ ራሳቸው እንዲያወጡ ከተፈቀደላቸው፤ ትልቅ ሰው ያወጣውን ሕግ ግን ራሳቸው ናቸው መጀመሪያ የሚያፈርሱት።

ጉዱ ያለው 13 እና 14 ላይ ነው። በዚያ ዕድሜ ተጎትቶ የመጣ ልጅ ጥግ ይዞ ስልኩ ላይ ይተከላል። አስቀድማችሁ የእሱ ብቻ የሆነ ኃላፊነት ስጡት። የእኛዋ በ14 ዓመቷ «አልመጣም» ብላ ሳምንት ሙሉ ስትሟገት ቆየች፤ የሙዚቃውንና የድምፅ ማጉያውን ሥራ ስንሰጣት ከሁላችንም ቀድማ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆመች። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ 18 ዓመት ያልሞላው ረዳት ነው፣ ኃላፊ አይደለም። ልጆቹን የሚጠብቁ ትልልቅ ሰዎች ሲቆጠሩ እሱ አይቆጠርም።

የራሴ ልጅ «የኔስ ስጦታ?» ቢልስ?

ይላል። አትጠራጠሩ።

በመጀመሪያው ዓመት እኛ ይሄን አላሰብንበትም። ያኔ 6 ዓመቱ የነበረው ልጃችን ስጦታ የሞላ ቅርጫት ይዞ አንድ በአንድ ሲያድል ቆየ። ሰው ሁሉ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይለዋል። ቅርጫቱ ባዶ ሲሆን ውስጡን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው። «ለሁሉም ተሰጠ፣ ለእኔ ብቻ!» እውነቱን እኮ ነው። እኛ ነን የ6 ዓመት ልጅን እንደ ትልቅ ሰው የቆጠርነው።

አሁን ከቤት ሳንወጣ እንነግራቸዋለን። ወይ እንደማንኛውም ልጅ ተመዝግቦ ስጦታውን ይወስዳል፣ ወይ ደግሞ ቤት የሚጠብቀው ነገር እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል። የትኛውም ቢሆን ችግር የለውም፣ እዚያው ድንገት እንዳይሰማው ብቻ። አንዳንድ ቤተሰቦች ልጁን ለሌላ ልጅ የሚሆን ስጦታ ራሱ እንዲመርጥና እንዲጠቀልል ያደርጋሉ። ጥሩ ነው፣ ግን የመረጠውን ራሱ ወዶት አልሰጥም ሊል እንደሚችል ከወዲሁ ጠብቁ።

ለአንድ ቀን ሥራ ቅጽ መሙላትና መታወቂያ ማሳየት ለምን ያስፈልጋል?

ልጆች ያሉበት ቦታ ስለሆነ ነው። «ተጠራጠራችሁን እንዴ?» ብሎ የሚቆጣ ሰው በየዓመቱ ይገጥመኛል። ቅጹን ቄሱም ፓስተሩም፣ ወጥ ቤት የምትሠራውም ይሞላሉ።

ዋናው ሕግ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከሌላ ሰው ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሆንም። ሁለት ሰዎች ይኖራሉ፣ በሩም ክፍት ይሆናል። እዚህ ላይ ለቤተሰቦች የማይታወቅ ነገር አለ፦ ብዙ ቦታ ባልና ሚስት እንደ ሁለት ሰው አይቆጠሩም። ከእናንተ ጋር ዝምድና የሌለው ሦስተኛ ሰው ይመደብላችኋል። እኔም መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፣ ምክንያቱ ሲገባኝ ግን ተውኩት፤ ዘመድ ለዘመዱ እንደሚሸፋፍን ማን ያጣዋል።

ትናንሽ ልጆችን ሽንት ቤት የሚያስገባቸው የራሳቸው ወላጅ ነው፤ ወላጅ ከሌለ ሁለት ሆናችሁ ትወስዱና ውጭው በር ላይ ትቆማላችሁ። ከልጆች ጋር ስልክ መለዋወጥ የለም። አንድ ልጅ ደግሞ ቤቱ ስላለ ችግር፣ ስለ ዱላም ሆነ ስለ ሌላ የሚያስፈራ ነገር ቢነግራችሁ፣ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡለት፤ በጥያቄም አታጣድፉት። አዳምጡትና በዚያው ቀን ለልጆች ደኅንነት ኃላፊው ንገሩ።

ፎቶ ማንሳት እንችላለን?

የራሳችሁን ልጅ፣ አዎ። የሰው ልጅ ከኋላ ከገባበት ግን ያው የሰው ልጅ ፎቶ ነው። ወላጆች ሲመዘግቡ ፈቅደው የፈረሙላቸውን ብቻ፣ ያውም የተመደበው ሰው ያንሳ። ስጦታ ሲቀበሉ ማንሳት ደግሞ ጭራሽ ቢቀር እላለሁ።

በጣም ጠንካራ ሰው የሚያስፈልገው የት ነው?

በር ላይ። ምግቡ ቢያንስ፣ ድራማው ቢበላሽ ይታለፋል። ልጅ ቢጠፋ አይታለፍም።

አንድ ዓመት ላይ እናት ልጇን ልትወስድ መጣች፣ ልጁ የለም። 7 ዓመቱ ነበር። አዳራሹን፣ ሽንት ቤቱን፣ ግቢውን አካለልን። ለካ ታላቅ ወንድሙ መጥቶ ወስዶት ኖሯል፤ በር ላይ የነበረው ሰው ደግሞ ወንበር ሊያነሳ ለደቂቃ ገባ ብሏል። ልጁ እስኪገኝ የፈጀው 10 ደቂቃ ነው፣ ያቺን 10 ደቂቃ ግን እስከዛሬ አልረሳኋትም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምናደርገው። ልጁ ሲገባ ስሙ፣ የወላጁ ስልክ፣ የማይስማማው ምግብና ማን እንደሚወስደው ይጻፋል። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ወረቀቶች አሉ፤ አንዱ ልጁ ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው ለወላጁ ይሰጣል። ያለዚያ ቁጥር ልጅ አይወጣም፣ የምናውቀው አጎት ቢመጣም አይወጣም። መግቢያውም መውጫውም አንድ በር ይሁን። የአደጋ ጊዜ መውጫው ግን እንዳይቆለፍ፤ ልጅ እንዳይሾልክ ከተፈራ አጠገቡ ሰው ይቁም። የበሩ ሰዎች ሁለት ይሁኑ፣ አንዳቸው ለምንም ነገር ቢጠሩ ሌላኛው ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ምግብ እቤታችን ሠርተን እናምጣ?

አስተባባሪውን ሳትጠይቁ አታምጡ። እንደ ስስት አትዩት። እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴ፣ ለውዝና ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ ዓሣ የማይስማማቸው ልጆች አሉ፣ ለአንዳንዶቹ ትንሽ ፍርፋሪ ትበቃለች። በየቤቱ የተሠራ ነገር ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ጨዋታ ላይ ነው። የታሸገ ስታመጡም ማሸጊያውን አትጣሉት፣ ወላጅ ሲጠይቅ የሚነበበው እሱ ነው። ልጅ ከበላ በኋላ ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ካስታወከና ካፈነው፣ መተንፈስ ከከበደው «እስኪ ትንሽ እንየው» አይባልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የታዘዘለት የአድሬናሊን መርፌ ካለው ወዲያው ይወጋ፣ አምቡላንስ ይጠራ።

መታነቅም አለ። ከ5 ዓመት በታች ላሉት ሙሉ ለውዝ፣ ፈንዲሻና ጠንካራ ከረሜላ አይቅረብ፤ የወይን ፍሬ በቁመቱ አራት ቦታ ይሰንጠቅ። ልጆች ተቀምጠው ይብሉ፤ እየሮጠ የሚበላ ልጅ ነው የሚታነቀው።

ትኩሱ ትኩስ፣ ቀዝቃዛው ቀዝቃዛ ይሁን። ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከማቀዝቀዣ ወይም ከእሳት ከወጣ 2 ሰዓት ካለፈው ይጣል። አውቃለሁ፣ ያሳዝናል። ይጣል።

ምን ዓይነት ስጦታ ይሁን?

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘገይ ነው፣ ብዙ ሰው ልቡ ጥሩ ሆኖ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ። የሚመጡት ልጆች እንግዶቻችን ናቸው። ተረጂዎች አይደሉም። የመጡት ሁሉ ችግረኞች ናቸው ብላችሁ እንዳትገምቱ፣ አንዳንዱ ከእናንተ ልጅ የተሻለ መጫወቻ ቤቱ አለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም የለውም፣ ማን የትኛው እንደሆነ እኛ ማወቅ አያስፈልገንም። እንግዳ ቤታችሁ ሲመጣ አሰልፋችሁ «ከመውሰድህ በፊት አመስግን» ትሉታላችሁ? አትሉም። እዚህም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ስጦታው አዲስና እኩል ይሁን። ልጆች ከፊታችሁ አልፈው ጓደኛቸው ምን እንዳገኘ ነው የሚያዩት፤ አንዱ ኳስ ሌላው እርሳስ ካገኘ ድግሱ እዚያው ላይ ያበቃል። በዕድሜ ከፋፍሉት፣ «የወንድ» «የሴት» ማለቱን ብትተዉት ግን ጣጣው ይቀንሳል። ከተመዘገበው ቁጥር በላይ ትርፍ አዘጋጁ፣ ልጅ የአክስቱን ልጅ ይዞ ይመጣል። መልካሙ ዘዴ ይሄ ነው እላለሁ፦ ስጦታው በር ላይ ሲወጡ፣ በከረጢት፣ በወላጁ እጅ ይሰጥ። ቤት ሄደው ይክፈቱት። ሰጪው ወላጅ ይሆናል፣ ልጁም በሰው ፊት «ደስ አለኝ» ብሎ እንዲተውን አይገደድም።

ደኅንነቱን ደግሞ እንዲህ ፈትሹ። ክብ የሳንቲም ባትሪ ያለበት መጫወቻ የባትሪው ክዳን በብሎን ካልታሰረ አይገዛም፤ ልጅ ቢውጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥለው ይችላል። ትንንሽ ጠንካራ ማግኔትም እንዲሁ ነው፣ ሁለት ከተዋጡ ሆድ ውስጥ አንጀቱን መሃላቸው አድርገው ይሳሳባሉ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ክፍል ያለው ነገር አይሰጥ።

ሻማ እናብራ?

ልጆች ባሉበት ባይሆን እመርጣለሁ። በባትሪ የሚበራው የውሸት ሻማ ይሻላል፣ ግን እሱም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በዚያችው ክብ ባትሪ ነውና ክዳኑን እዩት። ልጅ ከተቃጠለ ቁስሉን 20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ያዙት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ በረዶ አይደረግም። ፊኛም ሲፈነዳ ቁርጥራጩን ወዲያው ልቀሙ፣ ትናንሾቹ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል።

የገና አባት ይኑር ወይስ አይኑር?

ይሄ በየቤተክርስቲያኑ ያጨቃጭቃል፣ እኔ አልገባበትም። መነሻው በ4ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር የሙራ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ኒኮላስ ነው፣ ስለዚህ ለማይወዱት የጳጳሱን ታሪክ መተረክ አንድ መላ ነው። ቀይ ልብስ ለብሶ የሚመጣ ሰው ካለ ግን አንድ ነገር፦ የ2 እና የ3 ዓመት ልጆች ይፈሩታል። ፎቶ ያምራል ተብሎ የሚጮህ ልጅ ጭኑ ላይ አይቀመጥ።

የልደት ድራማ ለመሥራት ጊዜ የለንም፣ ይቅር?

አይቅር፣ ልምምዱ ይቅር። አንድ ሰው የሉቃስን ምዕራፍ 2 ቀስ ብሎ ያንብብ፣ ልጆቹ ሲጠሩ ይነሱ። ማርያም፣ ዮሴፍ፣ መልአክ፣ እረኞች። የሚናገር ተዋናይ አያስፈልግም።

ጠቡ የሚነሳው «ማርያም ማን ትሁን» ላይ ነው፤ እሱን ዕጣ ይፍታው። ለቀሩት ቦታ ሞልቷል። የበግ ቁጥር ገደብ የለውም። ሰብአ ሰገልም ሦስት ብቻ ናቸው ያለ የለም፤ ማቴዎስ የሚቆጥረው ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ የሚሉትን ሦስት ስጦታዎች ነው፣ የሰዎቹን ብዛት አልጻፈም። አንድ ዓመት 11 ነበሩን፣ የ12ኛው ልጅ ዘውድ ተቀደደና ወደ በግነት ተዛወረ። በሬና አህያም በሉቃስ ትረካ ውስጥ የሉም፣ ቢሆንም የካቶሊኩ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በ1223 ኢጣልያ ውስጥ ግሬቾ በምትባል ቦታ ግርግምና ድርቆሽ አዘጋጅቶ እውነተኛ በሬና አህያ አቁሟል። የእኛዎቹ ከካርቶን ናቸው። አህያው ጆሮ የለውም፣ ማንም አላማረረም።

የሌላ እምነት ተከታይ ልጆች ቢመጡስ?

ደስ ይበላችሁ። ግን ግብዣው ላይ ምን እንደሚደረግ በግልጽ ይጻፍ፦ መዝሙር አለ፣ የልደት ታሪክ ይነበባል፣ ጸሎት አለ። ወላጅ አውቆ ይላክ ወይም ይተወው። «ጨዋታና ኬክ» ብሎ ጠርቶ ስብከት ማቅረብ ማታለል ነው። ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲጸልይ አይገደድም። ስለ ምግብም ጠይቁ፣ በሃይማኖቱ የማይበላው ወይም የሚጾመው ሊኖር ይችላል።

ጫጫታ የማይችል ልጅ አለኝ፣ ላምጣው?

አምጡት፣ ግን አስቀድማችሁ ደውሉ። ትንሽ ክፍል ወይም ጥግ ላይ ምንጣፍ፣ መጽሐፍና ደብዘዝ ያለ መብራት ማዘጋጀት ከባድ አይደለም፤ ሙዚቃ አይደርስበትም፣ በሩ ግን ክፍት ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ባለቤቴም ሲደክመው እዚያ አግኝቼዋለሁ።

ልጄን ትናንት አስመልሶት ነበር፣ ዛሬ ግን ደህና ነው። እንምጣ?

አትምጡ። ትውከትና ተቅማጥ ካቆመ ገና 48 ሰዓት መሙላት አለበት። እጅ ማጽጃ ጄል ይበቃል እንዳትሉኝ፤ በዚህ ወቅት የሚዛመተውን፣ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስ ጄል እምብዛም አይገድለውም፣ የሚያስፈልገው ውኃና ሳሙና ነው። የሚቀር ሰው ቢያንስ በጠዋቱ ይደውል።

ድግሱ በገና ዕለት ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። ገናን በዲሴምበር 25 የሚያከብረውም በጃንዋሪ 7 የሚያከብረውም በዕለቱ ቤተሰቡ ጋር ነው የሚሆነው። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ርዝመቱ 2 ሰዓት ይብቃው። ሦስተኛው ሰዓት የለቅሶና የጠብ ነው፣ ሞክረን አይተነዋል።

መቼ መሄድ እንችላለን?

ትናንሽ ልጆች ያሏችሁ የመጨረሻው እንግዳ ልጅ ሲወጣ ሂዱ፣ ልጆቻችሁ ደክሟቸዋል። ትልልቆች ያሏችሁ ግን ለጽዳቱ ብትቆዩ ውለታ ነው፤ ሲመጡ 30 የነበሩ አጋዦች መጥረጊያው ሲወጣ 5 ይሆናሉ። መሬት ላይ የተጣበቀውን ፕላስተር፣ የፊኛ ቁራጭና የተበተነ ዶቃ እየሄዳችሁ ልቀሙ፣ በማግስቱ እዚያው አዳራሽ ሕፃናት ይድሃሉ። የተረሳ ኮፍያ፣ ጓንትና አንድ እግር ጫማ (ሁልጊዜ አንድ እግር ነው፣ ልጁ እንዴት ቤቱ እንደሄደ እግዜር ይወቅ) ሣጥን ውስጥ ተጠራቅሞ በሩ አጠገብ ይቀመጥ። በሚቀጥለው እሑድ ይጠየቃል።